ከእናቴ ላይ የቆረጥኩት

የቪዲዮ ካሴት የራሱ ሽታ አለው። ትናንት ቁም ሳጥን ሳጸዳ አንድ አሮጌ አገኘሁና አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት፤ ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር። ሽታው ግን ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ላይ ወስዶ ጣለኝ።

አባቴ ጅዳ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወደዚያ የሚሻገር ሰው ሲገኝ "ቪዲዮ ቀርጸን እንላክለት" አልኩ። ካሜራ ከነካሴቱ ከሰፈራችን ፎቶ ቤት ባለቤት ተዋስኩ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚናገር በደብተር ጻፍኩ። ለፈቃድ ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ "እኔም ሰላምታ አቀርባለሁ" አሉ። ማን ደፍሮ እምቢ ይላቸዋል?

በቀረጻው ዕለት ዝናቡ አባርቶ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ይጨስ ነበር። ከማዶው የቡና መጋዘን የጆንያ ሽታ ይመጣል። ሊቀመንበሩ ስለ አብዮቱ ስምንት ደቂቃ ተናገሩ። ጎረቤቶች ተራ በተራ "አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን" አሉ። በመጨረሻ እናቴ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠችና ዝም አለች።

"እማዬ፣ ተናገሪ እንጂ!"

"ማሎ፣ እባክሽ ቆይ።"

የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብላ ትጀምር? ብዙ ቆይታ "ደህና ነን" አለች።

ማሳጠሩን ፎቶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ሠራሁት። አንዱ ማጫወቻ ያሳያል፣ ሌላው ይቀዳል፤ የማትፈልገው ሲመጣ ቁልፉን ተጭነህ ታቆማለህ። የምንልከው ካሴት የግማሽ ሰዓት ብቻ ስለነበር ቦታ ጠበበኝ። የሊቀመንበሩን ንግግር መንካት ፈራሁ፤ እንዲያውም መዝጊያ አደረግኩት። ጎረቤት ቢቀር ቅሬታ ነው። የማትቀየመኝ እናቴ ብቻ ነበረች። ዝምታዋን ቆርጬ "ደህና ነን" ያለችውን አስቀረሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁትም።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። "ልጄ፣ አላህ ይባርክሽ። እናትሽን አይቼ ሳልጠግብ እኚያ ሰውዬ ገቡብኝ። የተረፈ ካለ ላኪልኝ።"

ፎቶ ቤት ሮጥኩ። በዋናው ካሴት ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ ተቀርጾበታል። ሙሽሮቹ ጨፍረው ጨፍረው እስኪያበቁ ተቀመጥኩ። ከሰርጉ በኋላ ያልጠፋ ቁራጭ ብቅ አለ። የእኔ ድምፅ "በቃ፣ ጨርሰናል" ይላል፤ ለካ ካሜራውን ሳላጠፋ እንግዶቹን ልሸኝ ወጥቻለሁ። እናቴ ባዶው ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ካሜራውን ቀና ብላ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የልጆቼ አባት፣ መልክህ እየጠፋኝ ነው። ና" አለች።

ቁራጩን ቀድቼ ብይዝም የሚወስድ ሰው እስኪገኝ ከረመ። ካሴቱ ከእጄ ሳይወጣ የአባቴ መርዶ ደረሰን። በራሴ ተናደድኩ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። እናቴ ያን ቃሏን ማንም የሰማባት አይመስላትም ነበር፤ እኔም ሰማሁ ሳልላት ሞተች።