ለመብራት የተዋስኩት ስልክ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ስልክ ወደ ሰፈራችን ሲገባ ምን ይመስል ነበር? ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ እነሱ ይጽፋሉ። የሚጽፉትም በዚያው በስልካቸው ነው። በመሀል ትር ሲል ዓይናቸው ወደዚያ ይሄዳል፣ እኔም ዝም እላለሁ፤ ሲመለሱ እቀጥላለሁ። ከሁሉ የማልረሳውን አንዱን ልንገራቸው።

ከድንበር ማዶ በሰፈርንበት ማንያታ ውስጥ ግድግዳችን አንድ የሆነ ጎረቤት አለችኝ። ከኢትዮጵያ አብረን ተሰደን የመጣን፣ ወተት አብረን የቸረቸርን ነን። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ስማርት የሚሉትን ስልክ የላከላት እሱ ነው። እንደኔው ማንበብ አታውቅም፤ የልጇን ፎቶ መክፈት ግን ተምራለች። ወተት እየሰፈረች እንኳ ታየዋለች።

«ኧረ ወተቱ ፈሰሰ!» ስላት፣

«ይፍሰስ፣ ላም ሞልቷል። ልጄ ዛሬ ቀይ ሸሚዝ ለብሷል፣ ነይ እይው» ትለኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት የእድራችን ሽማግሌ በጓሮ በኩል በቀስታ ጠሩኝ። ልጁ በድንገት ታሞ አርፏል። ጓደኞቹ ደውለው ነው የነገሯቸው።

በእኛ ወግ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ስትወድቅ የሚደግፋት ክንድ በግራም በቀኝም ይቆማል። የእሷ ዘመድ ደግሞ አንድ ወንድሟ ብቻ ነው፤ እሱም ቆላው ጎልቦ ወርዶ ግመሎቹ ዘንድ ነው፣ ስልክ አያገኘውም። የደቡብ አፍሪካው ሞት ባንድ ትንፋሽ ደረሰን፤ ጎልቦ ግን ሰው በሎሪ መሄድ አለበት። እኔ ደግሞ እግሬ አያርፍም፤ ዛሬ ኡራን፣ ነገ ጎልቦ የምል ነኝ፣ ብሄድ የሚጠረጥር የለም።

የቸገረን ስልኳ ነበር። ወጣቶቹ የልጁን ፎቶ እየለጠፉ «ነፍስ ይማር» ማለት ጀምረዋል ተባለ። የልጇን ሞት ብቻዋን፣ እጇ ላይ ካለ መስታወት እንዳታገኘው ፈራን። ሽማግሌው «እንዴት አድርገን እንውሰድባት?» አሉ። እኔ ሄድኩ።

«እህቴ፣ ጎልቦ ልደርስ ነው። ስልክሽን አውሺኝ፣ መብራት ይሆነኛል።»

«አንቺ ደግሞ! ጨረቃ እያለችልሽ?»

«ጨረቃ ሽንት ቤት ድረስ አትከተለኝም።»

ፈገግ አለች። ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። «በይ መንገድ ይቅናሽ» አለችኝ።

ደረቴ ውስጥ ወሽቄው ሎሪው ላይ ወጣሁ። ከከተማው እስክንርቅ አላረፈም። ትር ይላል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ደግሞ ትር። እያንዳንዱ አንድ ለቀስተኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለቅሶ ቤቱ ግን እኔ ደረት ውስጥ ነው ያለው። አጠገቤ የተቀመጠው የፍየል ነጋዴ ሳቀ።

«ማማ፣ ሲሙሽ እኮ አላረፈም! ሊድሩሽ ነው እንዴ?»

«የኔ ስልክ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ለባለቤቱ ንገሪያ፣ ሰው ይፈልገዋል!»

ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ። ኔትወርኩ ሲያልቅ ስልኩም ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ባሰብኝ።

ወንድሟን ግመሎቹ መሀል አገኘሁት። እዚያ አገር ወሬ ተራ አለው፤ መጀመሪያ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ሳሩ፣ ቀጥሎ ከብቱ፣ ሰው መጨረሻ ነው። ዝናቡን ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ። ሳሩን ጠየቅኩት። ግመሎቹን ጠየቅኩት። ወደ ሰው መሻገር አቃተኝና ተመልሼ ዝናቡን ጠየቅኩት። ያኔ በትሩን መሬት ላይ አስተኛ።

«ማን ነው?»

«የእህትህ ልጅ።»

ግመሎቹ ሲያመሰኩ እየሰማን፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቁጭ አልን። የሚጠራን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እንደዚያ ሐዘን ላይ ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ግን አላየሁም።

ተመልሰን፣ በበነጋው ጎህ ሲቀድ ደጇ ቆምን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጥቷል። አንድ የሰፈራችን የሞተር ነጂ ከኋላ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል።

«ምን እያደረግህ ነው፣ ልጄ?»

«ደቡብ አፍሪካ ላሉት ጓደኞቹ ነው፣ እማማ። አብረውን ያልቅሱ ብዬ።»

«ደግ አስበሃል። ግን ስትወድቅ በየትኛው እጅህ ልትይዛት ነው?»

እጁን አየ፣ ስልኩንም አየ። ኪሱ ከተተው። በሩ ሲከፈትና ወንድሟን ስታይ ወደ መሬት አዘመመች፤ ከሁላችን ቀድሞ የደገፋት ያ ሞተር ነጂ ነው።

ስልኳን የመለስኩላት ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ነው። የልጇ ጓደኞች ደወሉላት፤ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደተሸከመው አንድ በአንድ ነገሯት፣ የተቀበረበትን አፈር አሳዩአት። ስክሪኑን በመዳፏ ስትዳብስ አየሁ። ስለዚህ ስልክ ክፉ ነው አልልም፤ እዚያ አፈር ድረስ የኔም እግር አያደርሰኝም። ግን ተራውን ይጠብቅ፤ መጀመሪያ ሰው ይምጣ።

ስንት ክረምት አልፎ፣ ወንድሟም ካረፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ጥላ ስር ተቀምጠን ነገሩን ነገረችኝ። ያን ዕለት ጠዋት፣ እኔ ስልኩን ልዋስ ከመምጣቴ በፊት፣ ፎቶውን ከፍታው ነበር። ማንበብ ባትችልም፣ ከፊቱ አጠገብ የበራ ሻማ ተለጥፎ አይታለች። ስልኩን ጠርጋ ስትሰጠኝ ልጇ እንደሞተ ታውቅ ነበር፤ ብቻዬን አላለቅስም ብላ ነው እኛ እስክንመጣ የጠበቀችን።