የአጎቴ ዳኞች

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ውሻ እያሠለጠኑ ለውሾች የቁንጅና ውድድር ያቀርቡ ነበር። አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከተማ ባለው ቤታቸው እንግዳ ሲገባ፣ «ከመቀመጥዎ በፊት ውሻዬን ይዳኙልኝ» ይላሉ። የውድድር ዳኞች በእጃቸው እየዳሰሱ ስለሚመዝኑ፣ ውሻው ባዕድ እጅ ሲነካው ቀጥ ብሎ መቆም መልመድ ነበረበት። እኔ አፍር ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝማ «ኧረ በማርያም፣ ያርቁልኝ!» ብለው ሶፋው ጥግ ይሸጎጣሉ።

የቀብሩ ዕለት ለቀስተኛ ሲገባ፣ ውሻው ከአጎቴ ባዶ ወንበር ሥር ተነሥቶ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም አላዘዘውም። እትዬ አልማዝ ሲደርሱ ልይዘው ተነሣሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና እጃቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ።

«አንደኛ ነው» አሉ እያለቀሱ። «እሳቸው ላስመዘገቡበት የቅዳሜ ውድድር ማን ይዞት ይገባል?»

«እኔ» አልኩ።