ሴፕቲመስ ኦርጊል እና የቆዳ ቺንጋው

የእህቴ ባል ሴፕቲመስ ኦርጊል ኮቨንትሪ ውስጥ ብስክሌት ሻጭ ነበር። ሻጭ ማለቴ ለወጉ ነው፤ ሥራው ጢሙን በሰም አሹሎ ሱቁ በር ላይ መገተር ነበር። የምትሸጠው እህቴ ላቪንያ ነች።

የአሮጊቷ የእንግሊዝ ንግሥት ዘመን ሊያበቃ ሲል ከተማው ሁሉ በሞተር አበደ። የእኛም ሰውዬ አንድ ቀን ተነሥቶ "መሐንዲስ ነኝ" አለ። ማን ይከለክለዋል? እኔ ቆዳ ቆራጭ የነበርኩበት ፋብሪካ ባለቤቶች ምላሱን ብቻ ሰምተው ቀጠሩት፤ ጉዱንም ከቅርብ አየሁት።

ከፈረንሳይ የመጣ ሞተር አስፈታ፤ አስለካ፤ ያንኑ አስመስሎ አሠራና "የእንግሊዝ ፈጠራ" የሚል የናስ ሰሌዳ ለጠፈበት። ከራሱ የጨመረው ቢኖር መኪናዋን ሲሠራ ሞተሩን መቀመጫ ሥር መወተፉ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውሃው ሲፈላ ተሳፋሪውም አብሮ ይቀቀላል። የመኪናዋን ንድፍ የቀዳው ከፈረስ ሠረገላ ስለሆነ የአለንጋ መስቀያ እንኳ አልቀረም። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ቀበቶ የመሰለ የቆዳ ቺንጋ ነው። ሌሎች ማርሽ ሲሞክሩ እሱ "ማርሽ ይንጫጫል፤ ቺንጋ ጨዋ ነው" ይል ነበር።

ላቪንያ እራት ላይ ጠየቀችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ቆዳ ዝናብ ሲነካው አያንሸራትትም?"

"የሞተር ነገር ለሴት አይገባም።"

"የዝናብስ ነገር? እንግሊዝ አገር እኮ ነው ያለነው!"

እሱ ድንቹን ጎረሰ።

መኪናዋ የምትታይበት ቀን ደረሰ። እንግዶች ጊበት የሚባል ኮረብታ ሥር ተሰበሰቡ። ኦርጊል መሪውን ያዘ፤ የባለቤቶቹ አክስት ሚስ ፊንች ባርኔጣዋን በሻሽ አስራ አጠገቡ ተቀመጠች። ሽቅብ ሲጀምሩ ካፊያ ጣለ። የኮረብታው ወገብ ላይ ሲደርሱ ቺንጋው ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም።

"ኦርጊል!" አለ አንድ ሥጋ ሻጭ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ እያላመጠ፣ "አለንጋ መስቀያ ሠርተህላት የለ? ግረፋት እንጂ!"

ሕዝቡ አውካካ። ያኔ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑ ጎማ ላይ የሚጫን እንጨት ነው፤ እርጥብ ጎማ መች ይይዛል! ኦርጊል ዘሎ ወረደ። ሴትዮዋን ጥሎ! እሷን ከነመኪናዋ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው ያገኘናት፤ ክንዷ ተሰብሯል።

"መንገዱ ነው ጥፋተኛው" አለ ኦርጊል፣ ካፖርቱን እያራገፈ።

"ዝም በል!" አለች ሚስ ፊንች። "አንተን አምኜ መውጣቴ ነው ጥፋቱ።"

በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ብቻውን የናስ ሰሌዳውን ጭቃ በመሐረቡ ሲጠርግ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። አንጀቴን በላው፤ ትከሻውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

"ቆዳውን የቆረጥከው አንተ ነህ" አለኝ ቀና ብሎ። "ለጌቶች ይህንኑ ነው የምነግራቸው።"

እጄን ሰበሰብኩ።

ነገራቸውም። የሰማው ግን የለም፤ መኪናዋን መሥራቱ በዚያው ቀረ። እሱንስ አባረሩት? ኧረ ወዲያ! እንዲህ ያለ አፍ ይጣላል? ሌላ ሰው የሠራው ባለማርሽ መኪና ሻጭ አደረጉት፤ አማረበትም። ላቪንያ ብስክሌት ቤቱን በስሟ አዛውራ ታፔላውን ቀየረች፤ ባልዋን ግን አልቀየረችም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንድ ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ ኦርጊል ወጣቶች ሰብስቦ "ማርሽ ይሻላል ብዬ ስጮኽ ማን ሰማኝ!" ሲል ሰማሁት። ቢራዬን ይዤ ሌላ ጠረጴዛ ሄድኩ።