ለእማዬ የመረጥነው ሻርብ

ባለፈው ዓርብ በርበሬ ልገዛ ሲያትል ቼሪ መንገድ ላይ ወዳለው የሐበሻ ሱቅ ገባሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሰላም ስልኳን አወጣችና የሁለት ጫማ ፎቶ አሳየችኝ።

«ጋሽ በቀለ፣ እስቲ ይምረጡልኝ። ሰኞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሶ፣ ዛሬ ከሥራ ስወጣ ለእማዬ ልገዛላት ነው። ጥቁሩ ይሻላል ቡኒው?»

እናቷ ረቡዕ ዕለት አርፈዋል። ሐሙስ የእድራችን ዳኛ ደውሎ «እሑድ ማለዳ ሊንውድ ያለው ቤቷ ተሰብስበን እናረዳታለን፤ እስከዚያ እንዳትሰማ» ብሎኝ ነበር። እሑድ የተመረጠው አብዛኛው ሰው ሥራ የማይገባበት ቀን ስለሆነ ነው። «እኔ የሴት ጫማ አላውቅም፣ ልጄ» አልኳትና በርበሬውን ሳልይዝ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን በእጄ ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ያካፋል። ሐሳቤ ስዊድን ሄዶ ነበር።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የአሜሪካ ቪዛ ደርሶኝ ለጉዞ ስዘጋጅ እናታችን ሞተች። ቀበርናት፤ የቪዛው ቀን ሊያልፍ ስለሆነ ግን አርባዋን እንኳ ሳልቆይ መንገድ ጀመርኩ። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ስዊድን ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ካሪን የምትባል የአገሩን ሴት አግብቶ ይኖር ነበር። እሱ አልሰማም። አጎታችን «የእናት ሞት በስልክ አይነገርም። መንገድህ በዚያው ነው፤ ደርሰህ፣ ሰው ሰብስበህ ታረዳዋለህ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ለማለት ምን ያስቸግራል? ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ የሐዘን ጺሜን ተላጨሁ፤ ጥቁር ሸሚዜን አውልቄ ሻንጣዬ ሥር ከተትኩ።

ከተማዋ ታምራለች፤ ይህን መካድ አልችልም። ነሐሴ ነው፤ ግን ጭቃ የለም፣ ነጎድጓድ የለም። የእንጨት ቤቶቹ ቀይ ቀለም ተቀብተው መስኮቶቻቸው ነጭ ናቸው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጫካ ውስጥ ጎንበስ ካሉ ብሉቤሪ የሚሉት የዱር ፍሬ በእፍኝ ይለቀማል፤ ጣቴ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ነበር የሰነበተው። ከሐይቁ ዳር በጭስ የበሰለ ዓሣ ይሸታል። የጠፋው ሰው ነው። በብስክሌት የሚያልፉ አሮጊቶች አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ይሄዳሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ እዚህ አካባቢ ሐበሻ የለም?» አልኩት በሁለተኛው ቀን።

«እኔ አለሁ፤ አይበቃህም?» ብሎ ሳቀ። የሚያውቀው ሐበሻ በባቡር አራት ሰዓት ርቆ ነው የሚኖረው።

እንግዲህ ማንን ልሰብስብ? ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? አብሮት ማን ያለቅሳል? ለካሪን ልንገራት ብዬ አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ሻይ እየቀዳች «እናትህ ሞታለች» ብትለውስ ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ሳስበው፣ እንደዚያ ብትለው ኖሮ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የካሪን ዘመዶች መጡ። በነሐሴ ክሬይፊሽ የሚሉትን ቀይ፣ ጥፍራም የውኃ ፍጥረት ቀቅለው፣ አናታቸው ላይ የወረቀት ቆብ ደፍተው እየዘፈኑ የሚበሉበት ልማድ አላቸው። ለእኔም ቆብ ደፉልኝ። ፍልሰታ ነው፣ እናቴን ከቀበርኩ ወር አልሞላኝም፣ እኔ ባለቀለም ቆብ ደፍቼ አጨበጭባለሁ። ግርማ ፎቶ አነሳኝ።

በማግስቱ በጀልባ ወደ ሐይቁ መሀል ይዞኝ ሄደ። እየቀዘፈ «እማዬ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? ‹ይህን ሁሉ ውኃ ዝም ብላችሁ ነው የምታዩት?› አትልም?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ራሱን ውኃ ውስጥ ቢጥልስ ብዬ ዘጋሁት። እኔ ዋና አላውቅም።

«ምን ሆንክ?»

«በረደኝ።»

«በነሐሴ?» አለና ሹራቡን አውልቆ አለበሰኝ።

ልሄድ ስል ሱፍ የምትሸምን ሴት ሱቅ ወሰደኝ። ግርማ ሁለት ሻርቦች አነሳ፤ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቀይ። «ለእማዬ ነው። ሲያትል ሐበሻ ሞልቷል አሉ፤ ከሚሄድ ሰው ጋር ትልክላታለህ። አንተ ምረጥ፤ በቅርብ ያየሃት አንተ ነህ» አለኝ። ግራጫውን መረጥኩ። ሴትዮዋ በወረቀት ጠቀለለችው፤ እኔም ይዤው አሜሪካ ገባሁ።

ሲያትል በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ደወለ። አዲስ አበባ ስልክ ሲመታ፣ የሰማ መስሏት የአክስታችን ልጅ «እግዜር ያጽናህ» ብላዋለች።

«እኔ ቤት ስትመጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሻርቡን የመረጥከው አንተ ነህ» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። በየፋሲካው እደውላለሁ፤ ካሪን ታነሳና «ሐይቁ ጋ ወርዷል» ትለኛለች። ሻርቡ አሁንም ከነወረቀቱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው።

ያን ዓርብ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለእድሩ ዳኛ ደወልኩ። «ዛሬውኑ ይነገራት» አልኩት። «ጋሽ በቀለ፣ ዛሬ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ማን ይመጣል?» አለኝ። ተመልሼ ገብቼ እኔው ልነግራት እችል ነበር። መኪናዬን አስነስቼ ቤቴ ሄድኩ። ሰው የሚሰበሰበው ሐዘንተኛው እንዳይጎዳ ነው ይባላል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ የገባኝ፣ ተናጋሪው ብቻውን እንዳይናገር ነው። ድሮም የፈራሁት ለግርማ አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ሊንውድ ሄድን። ሴቶቹ ያዟት፤ አለቀሰች፤ እኔም ከሁሉ በላይ አለቀስኩ። ጋብ ሲልላት ዐይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ጋሽ በቀለ፣ ዓርብ ዕለት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

በሩ ሥር ወዳሉት ሁለት የጫማ ካርቶኖች አየች። «ስላልመረጡልኝ ሁለቱንም ገዛኋቸው» አለችኝ።