አቴ ማሪሴል ወደ ኤቨረት ስትነዳ

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከስካይዌይ ሰፈር የተነሳሁት ለራሴ ጉዳይ አልነበረም። የሥራ ባልደረባዬ ማሪሴል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ልትነዳ ነበር፤ ከምትኖርበት ከዴ ሞይን ተነስታ፣ ሲያትልን አቋርጣ፣ እስከ ኤቨረት ከተማ። ከጎኗ እንድቀመጥ ጠየቀችኝ። «ሰብለ፣ መሪውን እንዳትነኪ። ካልጠየቅኩሽም እንዳትናገሪ» አለችኝ አስቀድማ። በዚህ ተስማምተን ነው የሄድኩት።

ማሪሴል ፊሊፒናዊት ናት። ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የሚቸግራቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋን አብረን እንሠራለን። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «አቴ» እላታለሁ፤ በአገሯ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ከሥራ ውጭ ደግሞ ብሎግ ትጽፋለች። የምትጽፈው የዕለት ኑሮዋን ነው፤ የት ድግስ እንደሄደች፣ ምን እንደበላች፣ ፓርኪንግ ስንት እንዳስከፈሏት፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን። ዘመዶቿና ጥቂት የማታውቃቸው ሰዎች ያነቡላታል።

ወደየዝግጅቱ የሚወስዷት ባለቤቷ ሮሚ ነበሩ። ጋሽ ሮሚ (በልቤ እንደዚያ ነው የምጠራቸው) ለብዙ ዓመታት የኤርፖርት አውቶቡስ ነድተዋል። ስኳር ዓይናቸውን ሲጎዳው መንጃ ፈቃዳቸውን መለሱ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ካልሆነ በቀር ከቤት አይወጡም። ብሎጉም የጓሮ አትክልትና የቲማቲም ዋጋ ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። አቴ ግን በዚህ አልተሸነፈችም። በዚያ ዕድሜዋ መንጃ ፈቃድ አወጣች። እኔም እረፍታችን ሲገጥም በቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ አለማመድኳት።

ዴ ሞይን

መኪናዬን ደጃቸው ፓርክ አድርጌ ስገባ አቴ ተዘጋጅታ ቆማለች። የመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ጊታር ተጋድሟል። ኤቨረት ያሉት ያገሯ ልጆች በየዓመቱ በጋ ሲገባ ትልቅ ድግስ ያደርጋሉ፤ ጋሽ ሮሚ ድሮ እዚያ ሳይጫወቱ ቀርተው አያውቁም አሉ። ዛሬ ግን ሶፋው ላይ በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል።

«እናንተ ሂዱ። እኔ ደህና ነኝ» አሉ።

«ኦኬ» አለች አቴ። «ጊታሩን ግን ጭኜዋለሁ፣ አላወርደውም። አንተ እንደፈለግህ።»

ወጥታ መኪናው ውስጥ ገባችና ሞተር አስነስታ ጠበቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወዲያም ወዲህም ማለት አቃተኝ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ጋሽ ሮሚ ጫማቸውን በእግራቸው እየዳበሱ ፈለጉ። ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ክንዳቸውን ልይዝ ስል «ደረጃዎቹን አውቃቸዋለሁ» ብለው አለፉኝ።

ፍሪዌይ ላይ

ካፊያ ነበር። አቴ መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ በመጨረሻው የቀኝ መስመር ገባች። ፍጥነቷ ከሚፈለገው በታች ስለሆነ ከኋላ የመጣ ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋብን። ልናገር ስል ቃሌ ትዝ አለኝ። ጋሽ ሮሚ ከኋላ ጊታሩን ደግፈው ይዘዋል። የመስታወቱ መጥረጊያ ብቻ ይንጫጫል። ቀስ በቀስ ፍጥነት ጨመረች። የከተማው ፎቆች ብቅ ሲሉ ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር።

መሀል ከተማ ስንደርስ ነው የተበላሸው። የያዝነው መስመር በድንገት ወደ መውጫ ተለወጠ። አቴ ፍሬቻ አብርታ ወደ ግራ ለመግባት ሞከረች፤ የሚያስገባት አላገኘችም። አንዱ በጎናችን ሽው ብሎ ሲያልፍ ጮኸች። መውጫው እንደ ጎርፍ ይዞን ወርዶ ዳገታማ መንገድ ላይ ጣለን። ካንዱ የተዘጋ ሱቅ ፊት አቆመች። ሞተሩንም አጠፋች።

«በቃ» አሉ ጋሽ ሮሚ። «ሰብለ ትንዳ። እኛንም ወደ ቤት ትመልሰን።»

እኔም እውነቱን ለመናገር ቀበቶዬን ፈትቼ ነበር። «ልንዳ እንዴ አቴ?» አልኳት።

እሷ ግን ከቦርሳዋ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ የሩዝ ቂጣ አውጥታ ለሦስት ከፈለችው። ለባሏ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ ለእኔም ሰጠችኝ። የራሷን አላምጣ ከጨረሰች በኋላ ወደ ኋላ ዞረች።

«ሮሚ፣ አነዳዴ ነው ያስፈራህ?»

ጋሽ ሮሚ ቂጣቸውን ውጠው ጨረሱ። «አይደለም» አሉ በኋላ። «መውጫው ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው፤ እኔንም ስንት ጊዜ ወስዶኛል። እኔን የሚያስፈራኝ እዚያ ስደርስ ነው። ሰው ለሰላምታ እጁን ይዘረጋልኛል፣ እኔ አላየውም። ኮራብን ይሉኛል፤ ወይም ደግሞ ያዝኑልኛል። ሁለቱንም አልፈልግም።»

 «እኔ አያለሁ» አለች አቴ። «የመጣውን ሰው ስሙን በጆሮህ እነግርሃለሁ። እጁን ከዘረጋ ዘረጋ እልሃለሁ። እስከ ዛሬ አንተ መንገዱን እያየህ እኔ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ታዲያ አሁን ተራው የእኔ ቢሆን ምን አለበት?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሰብለ፣ ቀበቶሽን እሰሪ» አለችኝ። አሰርኩ።

ወደ ፍሪዌዩ የሚመልሰንን መንገድ ስልኳ እየነገራት ተመለስን። በዚህ ጊዜ መሀለኛውን መስመር ያዘች። ጋሽ ሮሚ ወደፊት ጠጋ ብለው «የኋላውን በመስታወት አየሽ?» ሲሉ «አየሁ» ትላለች። «እንግዲያው ግቢ» ሲሉ «ገብቻለሁ እኮ!» ትላለች። ሊንውድ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ደመናው ተገለጠና በስተቀኛችን በረዶ የለበሱት ተራሮች ታዩ። አቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ «ሰብለ፣ ፎቶ አንሺልኝ፣ ለብሎጉ ነው» አለች። አምስት ያህል አነሳሁ፤ አራቱ ላይ የእኔ ጣት አለበት።

ኤቨረት

አዳራሹ አጠገብ ፓርክ ስታደርግ ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ብላለች። መግቢያው ለአንድ ሰው አስራ ሁለት ዶላር፣ ምሳውን ጨምሮ ነው። ሙሉ የተጠበሰ አሳማ፣ በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የበሰለ ዶሮ፣ ቀጭን ፓስታ ከአትክልት ጋር። እኔ አሳማ ስለማልበላ ዶሮውን ሁለቴ አስጨመርኩ፤ አብሳይዋ በጣም ተደሰተች።

አቴ የባሏን ክንድ ይዛ ገባች። ከንፈሯ ብዙም ሳይንቀሳቀስ በጆሯቸው ትናገራለች። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ እየሮጡ መጡ። ጋሽ ሮሚ ቀድመው እጃቸውን ዘርግተው «ዳኒ! ወፍረሃል ይባላል» አሏቸው። ሰውየው እየሳቁ አቀፏቸው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዲት ሴት ግን እንዳዘነች ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይዞህ ሮሚ» አለቻቸው። ፊታቸው ጠቆር ሲል አየሁ። «አይዞሽ አንቺም» አሏት። ሴትየዋ ግራ ገባት፤ እሳቸው ግን አልፈው ሄዱ።

ከምሳ በኋላ ጊታሩ ወጣ። አንድ ዓመት ያልነካካ እጅ ነውና ዜማው መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ሳቱ። «የጊታሩ ጥፋት ነው» ብለው ጮክ ብለው ተናገሩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ከዚያ ሁሉም አብረው ዘፈኑ። አቴ አላለቀሰችም፣ ቪዲዮም አልቀረጸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ሰሃኗ ላይ ያለው እስኪያልቅ በላች። በኋላ ልጆቹ ሁለት የቀርከሃ እንጨት መሬት ላይ እያጋጩ በመሀሉ የሚዘለልበትን ጭፈራ ሲጀምሩ እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። ቀርከሃው የመታው ቁርጭምጭሚቴ እስካሁን እንደበለዘ ነው።

ወደ ቤት

ስንመለስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። አቴ መሀል ከተማውን ያለ ችግር አለፈችው። አንድ ነገር ልትለኝ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። ጋሽ ሮሚ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። «ሰው ሲነዳ ተኝቶ አያውቅም» አለች በሹክሹክታ። ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት መጻፍ አልችልም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር እርዳታ ማለት ሁልጊዜ የሰውን ሥራ ተቀብሎ መሥራት አለመሆኑን ነው። እዚያ ዳገት ላይ እኔ ነድቼ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እንደርስ ነበር፤ ግን የምንደርሰው ዴ ሞይን ሶፋው ጋ ነበር።

በነጋታው እሁድ የአስራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ቤቴል ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ «ማም፣ ካን አይ ድራይቭ ቱ ቸርች?» አለችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እኔ ልንዳ ማለቷ ነው። የልምምድ ፈቃድ ካወጣች ሰንብታለች፤ መልሴ ሁልጊዜ «ሌላ ቀን» ነበር። በዚያ ቀን ግን መኪናውን ዞሬ በተሳፋሪው በር ገባሁ። እጆቼን በጉልበቶቼ መሀል አጥብቄ ያዝኳቸው።

«ንጂ» አልኳት።