«ባለሙያው የለም እንዴ?»

ሰቆጣ ላይ አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለ ነገሩ የወጥና የጠላ ነው። በዚህ ሚዛን ጥሩሐረግ ካሤ ባለሙያ አይደለችም፤ ሽሮ ሳታሳርር የዋለችበትን ቀን እናቷም አያስታውሱት። የሞተ ራዲዮ ግን ታስነሣለች። ወንድሟ ቅጣው ጅዳ ሲሄድ የጥገና ሱቁንና መበየጃውን ትቶላት ሄደ፤ ይኸው ስድስት ዓመቷ። ችግሩ ደንበኛው ነው። ከኒሯቅ ድረስ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይመጣና፣ መበየጃ ይዛ እያያት «ባለሙያው የለም እንዴ?» ይላታል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ያንገበግባት ጀመር።

የሻምበል የሚባል የሰፈሯ ሰው ጌም ቤት አለው። እዚያ ሁሉም የሚሻማበት አንድ ማሽን አለ፤ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ ጀርባው የቆዘረ የድሮ ስክሪን የተገጠመለት። ከፋሲካ በኋላ ምስሉ ጠፋና መሐሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ። ጥሩሐረግ ስክሪኑን ሱቋ አስመጥታ ፈታችው። እንዲህ ያለው ስክሪን ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ አቁሮ ይቆያል፤ መጀመሪያ እሱን አስወገደች። ከዚያ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ላይ ብየዳው ተሰንጥቆ አገኘችው። በየደችው፤ ምስሉም ተዘረጋ። ሁለት ቀን ሙሉ ሱቋ ውስጥ ያለ እንከን ሠራ።

ጌም ቤት በገባ በሳምንቱ መስመሩ ተመለሰ። ደግማ በየደችው፤ እሷ ዘንድ ሠራ፣ እዚያ ሲሄድ ሞተ። ሰቆጣ ደግሞ ወሬ አያድርባትም። የሻምበል ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም መጣና «አትቀየሚኝ ጥሩዬ፣ ነገ ወልድያ ልልከው ነው። እዚያ ባለሙያ አለ» አላት።

ያችን ቃል! ስክሪኑ ወልድያ ከሄደ ከእንግዲህ ማንም ሱቋን እንደማይረግጥ ታወቃት።

«መላክስ ላከው፤ መጀመሪያ ግን ማሽኑ የሚውልበትን ቤት ልየው» አለችው።

ሄደች። ማሽኑ እንደበራ ጥግ ላይ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ቆሟል። የጌም ቤቱ ባለቤት እናት እትዬ ተዋበች በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ከአናቱ እስከ ጀርባው ወርዶበታል። መቼም የእኛ አገር ቴሌቪዥን ራቁቱን አይቆምም፤ እሳቸውም የልጃቸውን እንጀራ ማክበራቸው ነበር። ጥሩሐረግ እጇን በዳንቴሉ ሥር ሰደድ ብታደርግ ይፋጃል። ማሽኑ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ሁሉ ታፍኗል። ብየዳውን የሚሰነጥቀው ሙቀቱ ነው! የእሷ ሱቅ ዳንቴል የለው፣ ምን ይሁን!

እልል ማለት አማራት። ነገር ግን አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ዳንቴሉም ዓይናቸውን ያፈሰሱበት ነው።

«እትዬ፣ ይህን የእጅ ሥራ መቼ አለበሱት?»

«ለፋሲካ ነዋ ልጄ። ምነው?»

«እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ መዋሉ አንጀቴን በላው። ማሽኑ እሳት ነው፤ ያሳርርብዎታል።»

እትዬ ተዋበች ቀረብ ብለው ጨርቁን ዳሰሱት። ከዚያ ጥሩሐረግን ትክ ብለው አዩዋት። ሞኝ አይደሉም።

«ማን ማንን እንዳሳረረ ገብቶኛል» አሉና በገዛ እጃቸው ገፈፉት።

ጥሩሐረግ እዚያው ተቀምጣ ለሦስተኛ ጊዜ በየደችው። ክረምቱ አልፎ መስቀል ጠባ፤ መስመሩ አልተመለሰም።

ባለፈው ቅዳሜ ከደሃና ወረዳ የመጣ ሰውዬ ሱቋ በር ላይ ቆሞ «ባለሙያው የለም እንዴ?» አለ። እትዬ ተዋበች ራዲዮ ሊያስጠግኑ መጥተው ውስጥ ተቀምጠዋል። ጥሩሐረግ አፏን ሳትከፍት ቀደሟት።

«ዓይን የለህም? ባለሙያዋ ይችውልህ!»

ጥሩሐረግ ከሥራዋ ቀና አላለችም፤ ፈገግታዋን ግን መዋጥ አቃታት። ኩራቷ አብሯት ቤት ገባ። ያን ቀንም ሽሮዋ አረረ፤ ባለሙያ ናትና ግድ አልሰጣትም።