መስኮቱ ላይ ያለው ትሪ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ሰበታ ተከራይቼ ከምኖርበት ግቢ አጠገብ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ባገኙኝ ቁጥር ስለሚመርቁኝ ነው። ምርቃታቸው አላስተኛ አለኝ።

የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። ከሕመምተኛ ተቆርጦ በመስታወት ላይ የመጣልኝን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ፣ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብዬ እፈርማለሁ። አዲስ አበባ በምሠራበት ሆስፒታል ሦስት ነበርን። ሁለቱ ለቀቁ። ደከመኝ ስል አለቃዬ “አይዞሽ፣ ሰው እንቀጥራለን” ይለኛል። አይዞሽ ዓይን አያሳርፍም።

በሙያችን አንድ ልማድ አለ፤ ያጠራጠረህን በደከመ ዓይን አትወስንበት፣ ለጠዋት አቆየው ይባላል። ጥሩ ልማድ ነው። እኔ ግን ጠዋትም ደክሞኝ መነሣት ጀምሬ ነበር። ቀላል ቀላሉን እጨርስና ከባዱን መስኮቱ ላይ ባለው ትሪ እደረድራለሁ። ትሪው ሞላ። ኋላማ ወደዚያ መስኮት ማየቱ ራሱ ያስጠላኝ ጀመር። መስታወቶቹ የሰው መሆናቸውን ረስቼ ነበር።

የኦቦ ቶሎሳ ሚስት ስትሞት ቀብር አልደረስኩም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ለቅሶ የደረስኩት በሳምንቱ እሑድ ነው። ማልዳ ወጥታ ማታ የምትገባ ጎረቤት ምን ታውቃለች? ሴትዮዋን “የገመቹ እናት” ከማለት በቀር ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር።

ድንኳኑ ፈርሷል። ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥን ኦቦ ቶሎሳ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

“ዶክተር፣ ልጄ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከአንገቷ እብጠት ቆርጠው የወሰዱት ውጤት ነው። በሄድን ቁጥር አልደረሰም ይሉናል። ገመቹ ትናንት አመጣው። እስቲ ምን እንደሚል ንገሪኝ።”

ዘረጋሁት። ጫልቱ በዳዳ ይላል። ከታች ስም ሳይጻፍ የተጫረው ፊርማ የእኔ ነው። የፈረምኩት ከተቀበረች ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ያ መስታወት ስድስት ሳምንት መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። በሽታው ፈጥኖ ይገድላል፤ ግን መድኃኒት በጊዜ ከተጀመረ ብዙ ሰው የሚድንበት ዓይነት ነው።

“ቀድሞ ቢደርስ ትድን ነበር?” አሉኝ።

ልጃቸው ገመቹ ቀና ብሎ አየኝ።

“አይ፣ ኦቦ ቶሎሳ። የሚለወጥ ነገር አልነበረም” አልኩ።

ሽማግሌው በረዥሙ ተነፈሱና እጄን ያዙ። “ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ፤ ተባረኪ፣ ልጄ። ሌላ ሆስፒታል ባለመውሰዴ የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አሳረፍሽኝ።”

ለእሳቸው ብዬ ነው የዋሸሁት እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። አይደለም። ፈርቼ ነው።

በማግስቱ ማታ እስኪመሽ ተቀምጬ ትሪውን ባዶ አደረግሁት። ሳምንት ሳይቆይ ሞላ። ሰው አልተቀጠረም።

ኦቦ ቶሎሳ ጠዋት ታክሲ መያዣው ጋ ሲያገኙኝ አጠገባቸው ላለው ሰው ሁሉ ያሳዩኛል። “ከሐኪም ሁሉ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት” ይላሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ትሪው እሄዳለሁ።